ፎቶው ያላያት መተላለፊያ

«አድራሻውን እዚህ ይለጥፉና ‹እሺ› የሚለውን ይጫኑ፣ ጋሼ» አለችው ወጣቷ የካርታ ባለሙያ።

ሽማግሌው ቀያሽ ተጫነ። ባዶው ስክሪን ካሬ በካሬ እየሞላ መጣ፤ መጀመሪያ ጭጋግ፣ ቀጥሎ ጣራ፣ ቀጥሎ መንገድ። ከሳተላይት የተነሳ የከተማው ፎቶ ነበር።

«ስንት ከፈላችሁበት?»

«ነጻ ነው። ኢንተርኔት እስካለ ድረስ ማንም ይከፍተዋል።»

ቀያሹ ፈገግ አለ። ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ሰፈር በወጣትነቱ ሲለካ ስድስት ወር ፈጅቶበታል። በየአጥሩ ውሻ ሲያባርረው፣ ዝናብ ሲደበድበው፣ እናቶች «ግባና ተጠለል፣ ልጄ» ሲሉት ትዝ አለው። አሁን ጡረታ ሊወጣ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ያኔ በእጁ የሳለውን ካርታ ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት ከዚህች ልጅ ጋር ተመድቧል።

ልጅቷ አሮጌውን ካርታ ፎቶው ላይ ደረበችው። መስመሮቹ ልክክ አሉ፤ አንዷ ብቻ ቀረች።

«ይቺ መተላለፊያ የለችም። እዚህ ጋ የሚታየው ዛፍ ብቻ ነው። ላጥፋት?»

«ካጠፋሻት ቦታዋ ለጎረቤት ተደርባ ትሰጣለች። አጥር ሲታጠርባቸው ከጀርባ ያሉት ሦስት ቤቶች በየት ይወጣሉ?»

«እሱስ ልክ ነዎት። ግን እኔ የምስለው የማየውን ነው፣ ጋሼ። አለቃም የሚጠይቀኝ እሱን ነው።»

ቀያሹ አልተከራከራትም። ስልኩን አውጥቶ ታላቅ እህቱ ጋ ደወለ። ከሦስቱ ቤቶች አንደኛው የእናታቸው ነው። እናታቸው ካረፉ አራት ዓመት ሆነ፤ እህቱ ብቻዋን ትኖርበታለች። እሱ በየሳምንቱ ይደውላል እንጂ ደጁን ለመርገጥ አንጀቱ እምቢ ብሎታል።

«እታለም፣ መተላለፊያችን አለች?»

«የት ትሄዳለች? አሁን በእሷ መግባቴ ነው» አለች እህቱ። «ዛፉ ግን ሰማዩን ጋርዶታል። አንተ ተክለኸው፣ እማዬ ልብስ ያጠበችበትን ውሃ እያጠጣች ያሳደገችው። በስልክ ከምትጠይቀኝ መጥተህ ብታያት ምን አለበት? ወይስ ቤቱም ከእማዬ ጋር የሞተ መሰለህ?»

ከትምህርት ቤት ሲመለስ በዚያች ጠባብ መንገድ ገና እንደታጠፈ የእናቱ ድምፅ ከቤቱ ቀድሞ ይቀበለው ነበር። ስክሪኑ ላይ ግን ጥቅል ጎመን የምትመስል አረንጓዴ ነጥብ ብቻ ናት የምትታየው። ስልኩን ዘጋና ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ።

ልጅቷ ንግግሩን ሰምታለች። መስመሯን አዲሱ ካርታ ላይ ሳለቻት። ከጎን የተከፈተውን ቅጽ እያየችም፣

«‹የመረጃው ምንጭ› ይላል። የእርስዎ አሮጌ ካርታ ብዬ ልጻፍ?» ስትል ጠየቀችው።

ቀያሹ አሰብ አደረገ።

«ለዛሬ ባዶውን ተይው። ነገ ጠዋት ሄደን እንለካታለን» አለ። ከዚያም እህቱ ጋ መልሶ ደወለና ለነገ ምሳ እንድትጠብቀው ነገራት።