ለጭላዳ ዋስ የሆነው ሰው

ፀጋው ይህን ነገር ሲጀምር ሰው ማሳመን እንዲህ ወገብ የሚቆርጥ ሥራ መሆኑን አያውቅም ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት የሰሜንን ተራሮች ለፈረንጅ ያስጎበኘ ሰው ነው፤ ዳገት አያደክመውም። ያደከመው ደባርቅ ላይ አንዱን ጥያቄ ለመቶ ሰው መመለስ ነው። ዛሬ አስረድቶ የሸኘው ሰው በገበያ ቀን መጥቶ እንደ አዲስ ይጠይቀዋል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ነገሩ ቶከን ይባላል፤ በእጅ የማይያዝ፣ በኢንተርኔት ብቻ ያለ ገንዘብ። ያመጣው የእህቱ ልጅ ዘመነ ነው፤ ዳባት ተወልዶ አዲስ አበባ ኮምፒውተር የተማረ፣ ሲናገር እጁ የማያርፍ ልጅ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሦስት ቀን ስለሚዘጋ ቱሪስት ከቀረ ሰንብቷል። እናም ፈረንጁ ባገሩ ቁጭ ብሎ ዛሬ ቶከኑን ይገዛል፤ መምጣት የቻለ ቀን በዚያው በቅሎ ይከራያል። ባለ በቅሎዎቹ ደግሞ ከሽያጩ ድርሻቸውን አሁኑኑ ይወስዳሉ። በምትኩ የድሮውን የተራ አያያዝ ትተው ተራቸውን ለኮምፒውተሩ ይሰጣሉ። ይህች የመጨረሻዋ ናት ነገር ያመጣችው። ደባርቅ ላይ የበቅሎ ተራ ቀልድ አይደለም፤ አባት ለልጁ ያወርሰዋል፣ ባሏ የሞተባት ሴት ልጆቿን ታሳድግበታለች።

ስሙን ዘመነ «ጭላዳ» አለው፤ ፈረንጅ ጭላዳ ዝንጀሮ ይወዳል ብሎ። ከተማ ያደገ ልጅ ስለሆነ ገበሬው ጭላዳን በምን ዓይን እንደሚያይ አላሰበበትም።

«ምነው ልጄ፣ ገብሴን የሚግጠውን አውሬ ነው ገንዘብ ነው የምትሉኝ?» አሉ ሰጠኝ በመጀመሪያው ስብሰባ። ሰጠኝ ትውልዳቸው ጃናሞራ ነው፤ ከባለ በቅሎዎቹ ማኅበር አባላት ሁሉ በዕድሜ ይበልጣሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዘመነም አብሮ ሳቀ፤ ፀጋው ግን ሳቁ አላማረውም።

በሦስተኛው ስብሰባ ሳቁ አልቆ ጥያቄው ብቻ ቀረ። መንግሥት ያውቀዋል ወይ? ስልክ የሌለውስ? መብራት የጠፋ ዕለት ገንዘቡ የት ያድራል? ዘመነ አንድ በአንድ መለሰ። በመጨረሻ ሰጠኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሁሉንም ሰማን። ዋሱ ማነው?»

ዘመነ ፊቱ በራ። የተዘጋጀበት ጥያቄ ይህ ነበር። «አባቴ፣ ውበቱ እኮ እዚህ ላይ ነው! ይሄ ሲስተም ዋስ አያስፈልገውም። ማንንም ማመን አይጠበቅባችሁም። ሁሉም ነገር ለሁሉም ይታያል፤ ማንም ሊደልዘው አይችልም።»

አዳራሹ ቀዘቀዘ። ማንንም አትመኑ ብሎ እመኑኝ የሚል ሰው እዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም። ዋስ አያስፈልገኝም የሚል ደግሞ ወገን የሌለው ነው፤ ወይ ሊጠፋ ያሰበ ነው።

«በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች» አሉ ሰጠኝና ዱላቸውን አነሱ። ሌላውም ጋቢውን እየሰበሰበ መነሳት ጀመረ።

ፀጋው የእህቱን ልጅ አየው። ያን ሁሉ ወር የለፋበት፣ እህቱም በዳባት ለጎረቤት ሁሉ ያወራችው ነገር በበሩ ሊወጣ ነው። አንጀቱ አልቻለም።

«ዋሱ እኔ ነኝ» አለና ተነሣ። «አቅርብ ስትሉኝ አቀርባለሁ።»

ሰዎቹ ተመልሰው ተቀመጡ። የፀጋው ዋስነት ደባርቅ ላይ ከፊርማና ከማኅተም በላይ ነበር። ለተጣላ፣ ለታሰረ፣ ለከሰሰና ለተከሰሰ ዋስ ሲሆን ኖሯል፤ ዋስ ከሆነላቸው አንድ ሰው እንኳ አምልጦበት አያውቅም። በዚያ ስም ነው ከሰው ፊት የሚቆመው፤ ሌላ ሀብት የለውም።

ለመፈረም ውቢት መጀመሪያ ወደፊት ወጣች። አንድ በቅሎና ሦስት ልጆች ያሏት ባሏ የሞተባት ሴት ናት። «እኔ ነገሩ አልገባኝም አያ ፀጋው» አለች። «አንቱን አምኜ ነው የምፈርመው።» ከእሷ በኋላ ስልሳ ሰው ፈረመ። ዘመነ አጎቱን አቅፎ «ጋሼ፣ አዳንከኝ» አለው። ፀጋው ግን ደስታው አልመጣለትም። እስከዚያ ቀን ዋስ የሆነው ለሰው እንጂ ለነገር አልነበረም።

ጭላዳ ለሽያጭ በቀረበ በመጀመሪያው ሳምንት ዋጋው ወጣ፤ ዘመነም በየሰዓቱ ይደውል ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ወረደ፤ ዘመነም መደወል ተወ። ድርሻችሁ ለሚመጣው ወር ነው ተባለ፤ ያ ወር መጥቶ ሄደ። ፀጋውን ወፍጮ ቤት ያቆሙታል፣ ከቅዳሴ ሲወጣ ያቆሙታል፣ ዳባት ሲሄድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠው ሁሉ ይጠይቀዋል። «ገበያው ቀዝቅዞ ነው» ይላል፤ ልጁ የነገረውን። የትኛው ገበያ እንደሆነ እሱም አያውቅም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ሲሉ ይሰማል፤ እንዳልሰማ ያልፋል።

ታኅሣሥ ላይ አራት ፈረንጆች ብቅ አሉ። በድሮው ቢሆን ተራው የውቢት ነበር። በቅሎዋን ጭና ከጠዋት ጀምሮ ፓርኩ በር ላይ ቆማለች። ኮምፒውተሩ ግን ተራውን ለሌላ ሰጠው። ውቢት ኮርቻውን አወረደች፣ በፀጋው ፊት በቅሎዋን ጎትታ ሄደች። ሰድባው ቢሆን ይሻለው ነበር።

በማግሥቱ ሰጠኝ ቤት ሄደ። «ዋስነቴን አውርዱልኝ፤ ደከመኝ» አላቸው።

«መውረጃውን ታውቀዋለህ» አሉት። «ዋስ የሆንህለትን አምጥተህ ታቆማለህ።»

ቶከን አምጥቶ ማቆም አይቻልም። የሚቆመው ዘመነ ነው። ስልክ ደወለለት።

«ጋሼ፣ መጥቼ ምን እላለሁ?»

«ምንም አትበል። ቁምልኝ ብቻ።»

ይመጣል ብሎ አላመነም። ሰው ማመን ቀብሮ ነው ይባላል፤ ልጁ ግን መጣ፤ ከስቶ፣ ጢሙን ሳይላጭ። በማኅበሩ ፊት ቆሞ ላፕቶፑን ሊከፍት ሲል ሰጠኝ እጃቸውን አነሱ።

«ለምን እንደከሰርህ አልጠየቅንህም። ጠራንህ፣ መጣህ። ይበቃናል። ያልከፈልኸንን እግዜር ይስጥህና ትከፍላለህ።»

መርቀው አሰናበቱት። የድሮው ተራ ይመለስ ተባለ፤ ከውቢት እንዲጀምርም ተስማሙ። ዘመነ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ፀጋው ከላዩ ሸክም የወረደለት መሰለው፤ ጠሩት፣ አቀረበ፤ ከዋስ ሌላ ምን ይፈለጋል? ያን ሰሞን እንኳ በሰላም ሰነበተ።

ከፋሲካ በኋላ የውቢት ታናሽ ወንድም ይግዛው በእርሻ ድንበር ተጣልቶ ታሰረ። ማኅበርተኛው ሁሉ ተከትሏት ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። ፖሊሱ ወጥቶ «ዋስ ጥሩ» አለ። ፀጋው የሃያ ዓመት ልማዱ ነውና ማንም ሳይቀድመው መታወቂያውን አውጥቶ ወደፊት ተራመደ።

ውቢት ክንዱን ያዝ አደረገችው። በድምጿ ቁጣ የለም፤ ይባስ ብሎ ለስላሳ ነው።

«አያ ፀጋው፣ አንቱ ይቆዩ» አለችው። «አንቱማ ለሁሉም፣ ለማያውቁት ነገር እንኳ ዋስ ይሆናሉ።»

ሰጠኝ መታወቂያቸውን ለፖሊሱ ሰጡ። ፀጋውን ቀና ብሎ ያየው ሰው አልነበረም፤ አዝነውለት ነው። መታወቂያውን መልሶ ኪሱ ከተተና ከኋላ ለሚመጡት መንገድ ለቀቀ።