ደህና ነኝ ባዮች

እኔ መቼም አፌ አያርፍም፤ ቄሱም ይህን ስለሚያውቁ ነው ስልክ ላይ የመደቡኝ። ወረርሽኙ ገብቶ ቤተ ክርስቲያናችን ሲዘጋ፣ «ማንም ሳይጠየቅ እንዳይውል» ብለው ብቻቸውን የሚኖሩትን አዛውንቶች ለእኛ ለመዘምራን አከፋፈሉ። ለእኔ አስር ደረሱኝ። አስራ አንደኛው ያሳደጉኝ አጎቴ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አናጢ፣ ግትርነታቸው ለጉድ ነው።

አራት ቀን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ደወልኩ።

«እንዴት አደሩ?»

«ተመስገን፣ ደህና ነኝ።»

አስሩም ተመስገን። አጎቴም ተመስገን። እኔም ለቄሱ «ሁሉም ደህና ናቸው» እያልኩ ደረቴን ነፋሁ።

በአምስተኛው ቀን ከአስሩ አንዷ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ፣ በአምቡላንስ ተወሰዱ። ትኩሳቱ ከያዛቸው ሦስት ቀን ሆኗቸዋል አሉ። ጠዋት እኮ አነጋግሬያቸዋለሁ! መጀመሪያ በእሳቸው ተናደድኩ፣ ቀጥሎ በራሴ። እኛ ዘንድ ሰው ነፍሱ እየወጣችም ቢጠየቅ መልሱ ተመስገን ነው፤ ይህን እያወቅኩ ምን ነካኝ?

ወዲያው አጎቴ ጋ ደወልኩ።

«ተመስገን፣ ልጄ…»

«እሱን ይተዉትና ጋሼ፣ ትናንት ማታ ምን በሉ?»

«እሱንማ…» አሉና ሳል አቋረጣቸው።

«እስቲ ተነስተው መስኮቱን ይክፈቱት፤ ሲከፈት ልስማው።»

«ኋላ እከፍተዋለሁ።»

«አሁን!»

አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። ከዚያ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ሲል።

«አልቻልኩም» አሉ።

ከመዘምራኑ አንዷ ነርስ ናት። ደወልኩላትና እየሮጥኩ ሄድኩ፤ እሷ ግን ቀድማኝ ደርሳ ነበር። ሐኪም ቤት ወስደን ኦክስጅን ተደረገላቸው። ሐኪሙ «ግማሽ ቀን ብትዘገዩ ኖሮ…» አለና ቀሪውን ዋጠው።

ቄሱ በዚያው ዕለት አዲስ ትእዛዝ አወጡ፤ ምን እንደበሉ፣ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ አጥሯቸው እንደሆነ ጠይቁ አሉን። «ጓዳዬ ምን አገባሽ!» ብለው ስልክ የዘጉብኝ አሉ። ይዝጉ! በሳምንቱ ውስጥ ሲደብቁት የነበረውን በሽታ ያመኑ አራት ሰዎች አገኘን፤ ምግቡንም መድኃኒቱንም ደጃቸው አደረስን። ዳቦ ጋጋሪዋም ድነው ቤታቸው ገቡ።

አጎቴን ግን ዘጠኝ ቀን ማንም እንዲያያቸው አልተፈቀደም። እንቅልፍ የሚባል አላየሁም። በአስረኛው ቀን ስልኬ ጠራ፤ አጎቴ ናቸው፣ እያማረሩ። ሾርባው ጨው የለውም። አልጋውን የሠራው ሰው ሚስማር አያያዝ አያውቅም። አጠገባቸው የተኛው ሰውዬ ያንኮራፋል።

«ደግሞ…» አሉ። «ፈርቼ ነበር፣ ልጄ። በጣም ፈርቼ ነበር።»

ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምቼው አላውቅም። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

«እኔም፣ ጋሼ» አልኳቸው።