ከጉልበቷ ሥር

ትራስ እኮ ነው፣ ለስላሳ የጥጥ ትራስ፣ በትራስ የተጎዳ ሰው ማን ሰምቶ ያውቃል፣ ሽቦ፣ ቅጽል ስሙ ነው፣ ከዶክተሩ በር ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ ተቀምጦ እግሩን ያንቀጠቅጣል፣ ሚስቱ ውስጥ ናት፣ በሩ ተዘግቷል፣ ዛሬ ጉልበቷ ተዘርግቶ አልጋውን ከነካ ነገ ለቀዶ ጥገና ትገባለች፣ ካልነካ ወረፋው ያልፋትና እንደገና ከጭራ፣ ስንት ወር እንደሚፈጅ ማንም አይናገር፣ እሱ ደግሞ ያን ትራስ አውጥቶ ቢያቃጥለው ደስ ባለው።

አንተ ልጅ፣ አግዳሚውን ሙሉ እኮ ናጥከው፣ ሞተር ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ፣ ይላሉ አማቱ ከጎኑ። እሺ እማዬ። እግሩን ያቆማል። ጣቱ ይጀምራል።

ዝም ብሎ መቀመጥ መቼ ለምዶ፣ ሥራው የሚኒባስ ረዳትነት ነው፣ ቀኑን ሙሉ በር ላይ ተንጠልጥሎ መጣራት፣ መሳብ፣ መግፋት፣ የሰው ዕቃ መቀበል፣ መሪውን የምትይዘው እሷ ናት፣ ሚስቱ፣ ቤትም መንገድም እሷ ናት የምትነዳህ እያሉ ተራ ላይ ሙድ ሲይዙበት፣ አዎ ትነዳኛለች፣ የእናንተዎቹ ግን ገፍተውም አላስነሷችሁ፣ ይላቸዋል። ያን ቀን ጎማ ልታይ ከጋቢና ወረደች፣ መሬቱ ላይ ዘይት ፈሷል፣ ግራ እግሯ ሄደ፣ ሰውነቷ ቀረ፣ ጉልበቷ ቋ አለ፣ እሱ በሩ ላይ ሆኖ ሰማው፣ ደረቅ እንጨት ነበር የሚመስለው፣ መጀመሪያ ሳቀች እኮ፣ እንዴት ወደቅኩ ብላ ሳቀች፣ ከዚያ ልትነሳ ስትሞክር ፊቷ አመድ ለበሰ። ጅማቱ ተበጥሷል አሉ። የግራው። ማርሽ ሲቀየር ፍሪሲዮን የሚረግጠው እግር። ከዚያ ወዲህ መሪውን የያዘው ሌላ ሾፌር ነው፣ ማርሹን እንደ አህያ ጥርስ ያንገጫግጨዋል፣ ሽቦ በሩ ላይ ሆኖ የራሱ ጥርስ ይታመማል፣ የሷ ማርሽ እኮ አይሰማም ነበር፣ ውሃ።

ሰው ሚስቱን ሲያማት ምን ያድርግ፣ እስቲ ምን ያድርግ፣ አቃሰተች፣ ትራስ አምጥቶ ከጉልበቷ ሥር ወሸቀላት፣ እፎይ አለች፣ እሷ እፎይ ስትል እሱም እፎይ አለ፣ በቃ መድኃኒቱ ተገኘ፣ ጠዋት ትራስ፣ ማታ ትራስ፣ ሽንት ቤት በጀርባው፣ በረንዳ በጀርባው፣ ክራንቹ በር ኋላ ቆሞ አቧራ ጠጣ፣ ጎረቤት አይቶ ባል ማለት እንዲህ ነው አለ፣ ሽቦ ደረቱን ነፋ። ፋራ። አራዳ ነኝ ባይ ፋራ።

የፊዚዮቴራፒዋ ልጅ ናት የነቃችበት፣ እስቲ እግርሽን ዘርጊው አለቻት፣ አልዘረጋ አለ፣ ቀስት ሆኖ ቀርቷል፣ በሥሩ ድመት ያልፋል፣ ታፋዋም ከቀኙ ቀጥኗል፣ ትራስ የሚያደርግላት ማነው? እኔ ነኝ፣ አለ ሽቦ፣ ምስጋና ጠብቆ፣ የምር ምስጋና ጠብቆ፣ ልጅቷ ከፀጉሩ እስከ ጫማው አየችው፣ እንግዲህ ወንድሜ፣ ምቾቱ ነው ያጎበጠው፣ እንዲህ እንደታጠፈ ቀዶ ጥገና ቢሠራለት ጭራሽ ደርቆ ይቀራል፣ ዶክተሩ አይነኩትም፣ ትራሱን አንተ ተንተራሰው፣ እሷ ተረከዟን ፎጣ ላይ አድርጋ ጉልበቷን ወደ ታች ትጫን፣ ራሷ፣ በራሷ ኃይል፣ አንተ እንዳትነካት።

እንዳትነካት። ሽቦን እንዲህ አለችው።

ትጫናለች፣ ላቧ ይወርዳል፣ ከንፈሯን ትነክሳለች፣ እሱ ወጥቶ የታጠበ ሳህን ያጥባል፣ ይመለሳል፣ እየተጫነች ነው፣ ውጣልኝ ሽቦ፣ እኔን ጉልበቴ ሳይሆን ያንተ ፊት ነው የሚያመኝ፣ ይወጣል፣ ያንኑ ሳህን። አንድ ቀን አላስቻለውም፣ ትራሱን ታቅፎ ገባ፣ የኔ ዓለም ለትንሽ ብቻ፣ ዓረፍ በይበት፣ ነጠላ ጫማዋን አነሳችና ግንባሩን አገኘችው፣ ዒላማዋ ተመስገን አልተጎዳም፣ ሁለቱም ሳቁ፣ ከዚያ እሷ ሳቋን አቋርጣ፣ ስማ፣ መንዳት እፈልጋለሁ፣ ገባህ? በሰው ጀርባ መሄድ አይደለም፣ መንዳት፣ አለችው። ገባው። ሆዱ ግን አልገባውም፣ ሆድ ደግሞ ትምህርት ቤት አይሄድም፣ እሱ ራሱ መች በወጉ ሄደና።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ ይላሉ አማቱ አግዳሚው ላይ፣ ለራሳቸው ይሁን ለሱ። እማዬ፣ እንቁላሉ እኮ ጅማቱ አልተበጠሰም። ወግድ አንተ፣ አፍህ ባይኖር ምን ይውጥህ ነበር፣ ሳቃቸውን ዋጥ ያደርጋሉ፣ ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፣ እኔስ የምፈራው ማደንዘዣውን ነው ልጄ፣ አስተኝተዋት ብትቀርስ። አትቀርም እማዬ፣ እሷን ማን አስተኝቶ ያውቃል፣ ይላል ሽቦ፣ እሱም የሚፈራው እሱኑ ነው፣ ግን ፍርሃትን ሁለት ሰው ባንዴ ከያዘው ይከብዳል፣ ተራ በተራ ይሻላል፣ አሁን የሳቸው ተራ ነው።

በሩ ተከፈተ፣ ባለቤቷ ይግባ።

አልጋው ላይ ናት፣ ሱሪዋ እስከ ታፋዋ ተሰብስቧል፣ ዶክተሩ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መዳፋቸውን ከጉልበቷ ሥር ያስገባሉ፣ በይ እህቴ፣ እጄን ጨፍልቂው። ትጫናለች። ከእጃቸው በላይ ክፍተቷ አለች፣ ሽቦ ያያታል፣ ቀጭን ናት፣ ብርሃን ታሳልፋለች፣ ግፊው፣ ግፊው እንጂ፣ እጁ ተነሥቷል፣ መቼ ተነሣ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ከላይ ጫን ቢያደርግላት፣ አንድ ጣት፣ ዓይኗ ያዘው፣ እንዳትሞክራት፣ የአልጋውን ብረት ጨበጠ፣ ብረቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ታፋዋ ላይ ጡንቻዋ እንደ ገመድ ተወጠረ፣ ከየት መጣ ይሄ ጡንቻ፣ እሱ ሳህን ሲያጥብ ነው የበቀለው፣ ተረከዟ ከአልጋው ብድግ አለ፣ ብርሃኗ ጠበበች፣ ጠበበች፣

ዶክተሩ እጃቸውን ሊያወጡ ይሞክራሉ፣ አይወጣም፣ ኧረ ልቀቂኝ እህቴ፣ ለነገ ያስፈልገኛል።

ለነገ። ነገ አሉ?

ነገ ጠዋት፣ ይላሉ፣ ከእራት በኋላ ምንም እንዳትቀምሺ። ዶክተር፣ ይላል ሽቦ፣ ፍሪሲዮን ትረግጣለች? ዶክተሩ መነጽራቸውን ያወርዳሉ፣ ወራት ይፈልጋል፣ እኔ ጅማቱን እሠራለሁ፣ የቀረው የሷ ሥራ ነው፣ ግን እንዲህ ከገፋችበት ትረግጣለች ብዬ አስባለሁ። ብዬ አስባለሁ። ሽቦ ቃሏን ያገላብጣታል፣ ቢቸግር እንኳ ቤት ይዘው የሚገቡት ቃል ናት፣ ከሐኪም አፍ ከዚህ የሚበልጥ አይወጣም፣ ይበቃል፣ ኧረ ሞልቶ ይፈሳል።

የምትተኛበት ክፍል ኮሪደሩ ጫፍ ነው፣ ነርሱ ዊልቸር እየገፋ ይመጣል፣ ተቀመጪ ልጄ፣ ይላሉ አማቱ፣ የሽቦ እጆች ቀድመውት ወደ ዊልቸሩ ሄደዋል፣ ሊገፋ፣ መግፋት ያውቅበታላ፣ ከዚያ የራሱን ድምፅ ይሰማል፣ ይቅር ወንድሜ፣ ትሄዳለች።

ማነው እንዲህ ያለው። እሱ ነው።

ክራንቹን ብብቷ ሥር እያመቻቸች በግማሽ ዓይኗ ታየዋለች፣ አስፈቅደኸኛል? ዝም ብለሽ ሂጂ እንግዲህ። ክራንች፣ እግር፣ ክራንች፣ እግር፣ ሽቦ ግማሽ እርምጃ ወደኋላ ቀርቶ፣ አንዱን እጁን በሌላው ይዞ፣ በሕይወቱ እንዲህ ቀስ ብሎ ሄዶ አያውቅም፣ ሰው ሁሉ እየቀደማቸው ያልፋል፣ ይለፍ፣ መስኮቱ ብርሃኑን መሬት ላይ አንጥፏል፣ እዚያ ስትደርስ ትቆማለች፣ ትተነፍሳለች፣ አመመሽ ወይ የምትለው ጥያቄ ጥርሱ ድረስ መጥታ ትመለሳለች፣ ይጠብቃል፣ መጠበቅ እንዲህ ነው ለካ፣ ከዚያ ግራ እግሯን ታነሳለች፣ ተረከዟ መሬት ይነካል፣ ጉልበቷ ቀጥ ይላል፣ እሱም አንድ እርምጃ፣ እሷ ደግሞ ቀጣዩን።