ሃያ ዘጠኝ ዲግሪ

«እናትሽ መነጽር ያደርጉ ነበር?»

ልጅቷ ቀና አለች። ከቀብሩ ወዲህ ሁለት ቀን ሙሉ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብቻ ስትሰማ ስለሰነበተች ጥያቄው ቶሎ አልገባትም። አጠገቧ የተቀመጠው ግራጫ ኮት የለበሰ ሽማግሌ ነው። ሻዩን አልነካውም፤ ጉልበቱ ላይ የወረቀት ማኅደር ይዟል።

«ቁጥር ለማንበብ ማለቴ ነው» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«የንስር ዓይን ነበራት። ልብስ ሰፊዋ እኔ ነኝ፤ መርፌ ላይ ክር የምታስገባልኝ ግን እሷ ነበረች።»

ፊት ለፊት የተቀመጠችው አክስቷ አላስቻላትም። «ለቅሶ ቤት መጥቶ ስለ መነጽር መጠየቅ ምን የሚሉት ነው?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሥራዬ የቆየ ወይን መመርመር ነው። ጠርሙሱ ከየት እንደመጣ፣ በማን እጅ እንዳለፈ፣ እንዴት እንደተቀመጠ አጣራለሁ።»

ሟቿ ሠላሳ ዓመት የሠራችው በጉምሩክ መጋዘን ነው፤ ቀረጥ ያልተከፈለበት ወይን ለዓመታት ተቆልፎ በሚቆይበት ምድር ቤት። በየቀኑ ቴርሞሜትር አንብባ መዝገብ ላይ ትጽፋለች። ምድር ቤቱ ከአሥራ ሦስት ዲግሪ እምብዛም ፈቅ ስለማይል ባልደረቦቿ «እትዬ አሥራ ሦስት» ይሏት ነበር። ወይን በአፏ ዞሮ አያውቅም፤ ጠርሙሶቹን ግን እንደ አራስ ልጅ ነበር የምትጠብቃቸው። ብርሃን አይመታቸውም፤ ማንም አያናውጣቸውም፤ ቡሻቸው እንዳይደርቅ ተጋድመው ይተኛሉ።

አክስቷ በዚህ ሥራ አንጀቷ እንዳረረ ነው የኖረችው። ዛሬ ጠዋት ለጎረቤት ስታንሾካሹክ ልጅቷ ሰምታታለች፦ «የመጋዘኑ ኃላፊ ሊያደርጓት ነበር እኮ! ምን ብላ እንደተጣላች እንጃ፣ አሥራ አንድ ዓመት ከዚያ ጉድጓድ ሳትወጣ ሞተች። ሞኝ ነበረች እህቴ።»

ሽማግሌው ማኅደሩን ከፈተ። የእናቷ የእጅ ጽሑፍ ነው። አሥራ ሦስት፣ አሥራ ሦስት፣ አሥራ ሁለት ይልና ለአራት ቀን ያሻቅባል፦ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ስድስት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ሃያ አራት።

«የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት የተጻፈ ነው» አላት። «የወይኑ ባለቤት አሁን ሊሸጠው ነው። ‹ሴትየዋ ዓይናቸው ደክሞ ተሳስተው ነው› ይላል። ቤተሰብ እንዲፈርምለትም ‹የአራቱ ቀን ቁጥር ስህተት ነው› የሚል ይህን ወረቀት ሰጥቶኛል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነው። ትናንት ሁለት ጠርሙስ ከፈትኩ። ከላይኛው መደርደሪያ ያወረድኩት ተበላሽቷል፤ የተቀቀለ ፍራፍሬ ይሸታል። ከታችኛው ያነሳሁት ግን ንጹሕ ነው። ክፍሉ አንድ፣ ሙቀቱ አንድ። እንዴት ሆኖ ነው?»

ልጅቷ ቁጥሮቹን ትኩር ብላ አየቻቸው። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። የከተማው መብራት በሙሉ ጠፍቶ ነበር፤ ሙቀቱ አስፋልት ያቀልጣል። አራቱን ቀን እናቷ ወደ ቤት ብቅ የምትለው ልብስ ለመቀየር ብቻ ነበር፤ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሶ።

«ከዓሣ ነጋዴዎቹ በረዶ ለምኜ ነው» አለቻት አንዴ። «ሣጥኖቹን ወደ ታችኛው መደርደሪያ እያወረድኩ በረዶው መሐል አስቀምጣቸዋለሁ። የላይኞቹን ሁሉ ግን አላዳርስም።»

በአምስተኛው ቀን አለቃዋ ቤት ድረስ መጣ። ልጅቷ ከመጋረጃው ኋላ ነበረች።

«አንድ ገጽ ናት» አለ ሰውየው። «ቀደሽ እንደገና ጻፊያት። ወንበሩ የአንቺ ነው።»

«ቁጥሩን ከሆዴ አላወጣሁትም፤ አንብቤ ነው የጻፍኩት። ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጥበት።»

ያኔ የየትኛው ገጽ ወሬ እንደሆነ አልገባትም ነበር። አሁን ሁሉንም ለሽማግሌው ነገረችው።

«በረዶ!» ብሎ ጮኸ። ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አየው። እንቆቅልሽ እንደፈታ ልጅ ፊቱ በርቶ ነበር፤ ወዲያው አፍሮ አፉን በእጁ ያዘ። «ይቅር በዪኝ ልጄ። ዕድሜዬን ሙሉ መዝገብ ሳገላብጥ ኖሬአለሁ፤ ሁልጊዜ አሥራ ሦስት የሚል መዝገብ አላምንም። እነዚህ አራት ቀኖች ባይኖሩ የእናትሽንም አላምነውም ነበር። በእሳቸው እጅ ያለፈው ሌላው ወይን ሁሉ ምስክሩ ይህ ገጽ ነው።»

ልጅቷ እስክሪብቶ ጠየቀችው። ወረቀቱ ላይ «ስህተት ነው» ከሚለው «ነው»ን ሰረዘች፤ «አይደለም» ብላ ጽፋ ፈረመችበት።

ሽማግሌው ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፎ፣ በሁለት እጁ ጨብጧት ሄደ።

አክስቷ ከወንበሯ ተነስታ አጠገቧ መጥታ ተቀመጠች።

«ያን ሰሞን መዳፏ ተልጦ እኔ ዘንድ መጣች» አለች። «በምን እንደሆነ አልነገረችኝም። ያሰርኩላት እኔ ነበርኩ፤ እየሰደብኳት።»

አክስቷ እንባዋን ስትጠርግበት የዋለችውን መሐረብ ዘረጋች፣ የልጅቷን እጅ ጭኗ ላይ አኖረች፣ ምንም ያልነካውን መዳፍ ቀስ ብላ ማሰር ጀመረች።