ሁለት ጾም፣ አንድ ፍላት ዋይት

ኢፍቱ ማኪያቶ ስትሠራ ዐይኗን ብትጨፍን እንኳ አትሳሳትም። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ ካለው የእትዬ ሥርጉት ካፌ የገባ ሰው «ነጣ አድርጊው» ካላት ታነጣለች፣ «ጠቆር ይበል» ካላት ታጠቁራለች። ከታች ወተት፣ መሃል ላይ ቡና፣ ከላይ አረፋ፤ ብርጭቆው ውስጥ ሦስቱም ድንበራቸውን አክብረው ይቆማሉ። እንዲህ ያለ የድንበር ስምምነት በሰፈሩ መሬት ላይ እንኳ ታይቶ አይታወቅም።

ጣጣው የመጣው ከላይ ነው። እንጦጦ ሲሮጡ አርፍደው የሚወርዱ ወጣቶች ላባቸውን እየጠረጉ «ፍላት ዋይት አለ?» ማለት ጀመሩ። ኢፍቱ ለመጀመሪያዋ ጠያቂ «ሞልቷል!» አለችና ማኪያቶዋን በሰፊ ስኒ አቀረበችላት። ልጅቷ ቀምሳ ፈገግ አለች። «በጣም ናይስ ነው፤ ግን እህቴ፣ ይሄ ማኪያቶ ነው።»

ነገሩ በዚህ ቢቀር ደግ ነበር። እትዬ ሥርጉት ግን ገበያ ሸተታቸው። ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ዳር ሁለተኛ ካፌ ሊከፍቱ ነውና አንድ ቀን ሁለቱን የማሽን ሠራተኞቻቸውን ጠርተው፣ «ከሁለታችሁ አንዳችሁ ወደ ላይ ትወጣላችሁ» አሉ። «ማኪያቶውን ለእኔ ተዉት፤ እዚያ የሚጠየቀው ፍላት ዋይት ነው። እሱን አሳምሮ የሠራ፣ የላይኛው ቤት ማሽን የእሱ ነው።»

ሁለቱ ማለት ጠሀና ኢፍቱ ናቸው። የታችኛው ቤት ማሽን የጠሀ ነው፤ ኢፍቱን ያስተማራትም እሱ ነው። እሷ ማሽኑ ላይ የምትቆመው እሱ ሶላት ሲሄድ ወይም ገበያው ሲጦፍ ብቻ ነው፤ በቀረው ጊዜ ስኒ ታጥባለች። ጠሀ ወደ ላይ ቢወጣ እንኳ የታችኛውን ማሽን የሚይዙት እትዬ ሥርጉት ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ የላይኛውን ቦታ ፈለገችው፤ እንቅልፍ እስኪነሳት ፈለገችው። በሕይወቷ አንድ ጊዜ እንኳ «ይቺ የኢፍቱ ናት» የሚባል ማሽን አጠገብ መቆም አማራት። ክፋቱ፣ ጠሀም ፈልጎታል። ሊያገባ ነው፤ ለልጅቷም ቤተሰብ «ኃላፊ ልሆን ነው» ብሎ አስቀድሞ ተናግሯል።

ቢሆንም አልተኳረፉም። እንዲያውም ጠሀ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ እያሳየ ያስረዳት ጀመር። ድርብ ቡና፣ ብዙም ያልሆነ ወተት፣ አረፋ መሆኑ እስከማይታወቅ የደቀቀ ስስ አረፋ። መደራረብ የለም፤ ከአፍ እስከ ታች አንድ ዓይነት መሆን አለበት።

«ይሄማ ስስት ነው» አለች ኢፍቱ። በእሷ ትምህርት አረፋ ማለት ለጋስነት ነው፤ አረፋ ያሳነሰ ሰው ደንበኛውን ሰድቧል። ወተቱን ስታሞቅ ሳታዛት እጇ ጆጉን ዝቅ ታደርገዋለች፤ የእንፋሎቱ ቧንቧ አየር ይጎርሳል፤ አረፋው እንደ ልብስ ሳሙና ይቆለላል። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ነው።

በዚህ ላይ ዐቢይ ጾም ገባ። ኢፍቱ ወተት በአፏ አይዞርም። ጥቂት ቀን ቆይቶ ረመዳን ተከተለና ጠሀም ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ውኃ እንኳ አቆመ። እትዬ ሥርጉት እንደሆኑ ጾም አጥባቂ ናቸው። እንግዲህ አስቡት፤ በአንድ ካፌ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ወተት ይሞቃል፣ ከሚሠሩት ግን አንድም ቀማሽ የለም። ኢፍቱ ደግሞ እስከዚያ የሠራችው ሁሉ አረፋ ብቻ ስለሆነባት፣ ፍላት ዋይት የሚባለውን በዕድሜዋ ቀምሳው አታውቅም።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!» እያለ የሚስቅባቸው ካሸሩ ባርኮት ነው። የሆሳዕና ልጅ ነው፣ ጴንጤ ነው፣ ጾሙ አይመለከተውም። ስለዚህ የልምምዱ ስኒ ሁሉ ወደ እሱ ይሄዳል።

«እንዴት ነው?» ትለዋለች ኢፍቱ።

ባርኮት ስኳሩን በማንኪያ ይቆልልበታል፣ ያማስለዋል፣ ይጨልጠዋል። «ጌታ ይባርክሽ! ይጣፍጣል።»

የጠሀንም እንዲሁ። የተቃጠለውንም፣ የቀጠነውንም፣ አንድ ቀን ተሳስታ ያቀበለችውን የአኩሪ አተር ወተትም እንዲሁ። የባርኮት ምላስ የሚያውቀው ስኳር መኖሩንና አለመኖሩን ብቻ ነው። በዚያ ሁሉ ቡና ሳቢያ ግን እንቅልፍ አጥቶ ዐይኑ ፈጥጦ ከረመ።

ኢፍቱ ምላሷን ስትነፈግ በጆሮዋና በአፍንጫዋ ሙጥኝ አለች። ያደገችው ካራ ሰፈር፣ አባቷ ከብቶቻቸውን ሳይሸጡ በፊት፣ ላሞች መሃል ነው፤ ወተት ሊያር ሲል ከጠረኑ ታውቀዋለች። ማሽተት ጾም ያፈርስ እንደሆነ የንስሐ አባቷን ልትጠይቅ አሰበችና ተወችው፤ «አዎ» ቢሏትስ? ቧንቧውን ወተቱ አፍ ላይ ጥቂት ብቻ ስታስነካው ስስ ጨርቅ ሲቀደድ የሚመስል ድምፅ ይሰማል። ያኔ ጠለቅ አድርጋ ወተቱን ታሽከረክረዋለች። ለጋሷ እጇ አሁንም ታመልጣታለች፤ ግን እየቆየች፣ አንዳንዴ፣ እሺ ማለት ጀመረች።

የላይኛው ቤት ሊከፈት ሲቃረብ እትዬ ሥርጉት አንድ ቀን ወደ ማታ መጡና ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ዛሬ ይለይ» አሉ።

«ማን ይቅመስ?» አለ ጠሀ።

«እኔ አለሁ!» አለ ባርኮት።

«አንተማ ሸንኮራ ብትመጥ ይሻልሃል» አሉ እትዬ ሥርጉት። «ደንበኛም አላምንም፤ ፊት ለፊት አመስግኖ ሌላ ካፌ የሚሄድ ነው።» ዐይናቸው ጠሀ ላይ አረፈ። «አዛን ሊል ነው አይደል? ስታፈጥር ሁለቱንም አንተ ትቀምሳለህ።»

ባርኮት አፉን ያዘ። «እትዬ፣ ተወዳዳሪውን ዳኛ ሊያደርጉት?»

«ሌላ ምላስ ካላችሁ አምጡ!»

አለቀልኝ አለች ኢፍቱ በልቧ። ሰው ሊያገባ እየተዘጋጀ፣ ቃሉን ሰጥቶ፣ በራሱ ላይ ይፈርዳል? እሷ በእሱ ቦታ ብትሆን ትፈርድ ነበር? ጥያቄው ራሱ አናደዳት።

ጠሀ ቀድሞ ሠራ፤ ፈጣን ነው፣ እጁ ያምራል። ቀጥላ እሷ ገባች። ድርቡ ቡና ወረደ። ወተቱን አሞቀችው፤ ያ የጨርቅ መቀደድ ድምፅ ተሰማ፤ እጇ እንደ ልማዷ ዝቅ ልትል ስትል «ተይ!» ብላ ገሠጸቻት፣ ጮክ ብላ ነበርና ባርኮት ደነገጠ። ወተቱ ሳያር አነሳችው። ስኒው ውስጥ ሲገባ ቡናውና ወተቱ ሳይገፋፉ አብረው ወደ ላይ መጡ።

ከመስጊዱ አዛን ተሰማ። ጠሀ ቢስሚላህ ብሎ ቴምር ጎረሰ፣ ውኃ ጠጣ። ከዚያ የራሱን ስኒ ብድግ አድርጎ አንድ ጊዜ ፉት አለና አስቀመጠው። የእሷን አነሳ። ፉት አለ። ደገመ። እትዬ ሥርጉት የሚያዩት ስኒውን ሳይሆን ፊቱን ነበር።

«የእኔ ወተት አሯል» አለ በመጨረሻ። «ከላዩም አረፋ ይዟል። ይሄኛው ነው። የኢፍቱ።»

«እሁድ ቁልፉን ከእኔ ትወስጃለሽ» አሉና እትዬ ሥርጉት ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። ሲያልፉ የጠሀን ትከሻ መታ መታ አደረጉት።

ኢፍቱ እልል እላለሁ ብላ ስትጠብቅ የኖረችበት ሰዓት ነበር። ደስ አላት፣ በጣም ደስ አላት፤ ግን ጠሀ ጀርባውን ሰጥቶ ማሽኑን ሲወለውል ስታይ እልልታውን ተወችው።

«ለምን ያንተን አላልክም?» አለችው ቀረብ ብላ። «ማን ያውቅብህ ነበር?»

«እኔ አውቅ ነበር።» ዞር አለ። ፊቱ ከፍቶታል፤ አልደበቀውም። «ለልጅቷ ቤተሰቦች የምነግራቸውን አላህ ያውቃል። አንቺ ግን በናትሽ እንዳታለቅሺብኝ፤ ገና ማፍጠሬ ነው።»

ሳቀችም፣ አለቀሰችም። ዐይኗን በሽርጧ ጠራርጋ ስኒዋን አየችው፤ ከሥሩ ጥቂት ቀርታለች። ለዚህ ሁሉ ያበቃት ነገር ምን ምን እንደሚል ገና አታውቅም።

«ጣዕሙ ግን... እንዴት ነው? ንገረኝ።»

ጠሀ አሰብ አደረገ። «አሁን ከነገርኩሽማ ፋሲካሽን ሰረቅሁሽ ማለት ነው። የፋሲካ ዕለት ወደ ላይ እመጣለሁ፤ የመጀመሪያውን እኔ ሠርቼ አጠጣሻለሁ።» ስኒዋን አነሳና የቀረችውን ጨለጣት። «እስከዚያ ግን ጠዋት ጠዋት ቀደም ብለሽ እየመጣሽ አስተምሪኝ።»