ከቆርቆሮው ጀርባ የሰማነው አውሬ

አውሬው ጎማ ነበር። ያውም ርካሽ ጎማ፤ ክረምት ሲገባ ከሚሴ ገበያ ላይ ተከምሮ የሚሸጠውን ቦቲ ጫማ የመሰለ። ጀርባው ላይ ከማጅራቱ እስከ ጭራው የወረደ ዚፕ አለው። ዚፑ የተሰፋበት ክር ከቆዳው ቀለም ጋር እንኳ አይገጥምም። እኔ በልብስ ስፌት የማድር ሴት ነኝ፤ እንዲህ ያለ ስፌት ለደንበኛ ባስረክብ ልብሱን ፊቴ ላይ ወርውረው ይሄዳሉ። አፉን ሲከፍት ከውስጥ ጎማውን የለበሰው ሰውዬ አገጭ ይታያል። ከጥርሱ የሚዝለገለገው ለሀጭ ደግሞ የተመታ አብሽ ይመስላል።

ባሌ ሙጂብ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል እንዴት ነው አለኝ። ያስጠላል አልኩት። ሳቀ፤ የቀለድኩ መስሎታል።

ይህንን ፊልም ከድሮ አውቀዋለሁ፤ አይቼው ግን አላውቅም። ኢህአዴግ የገባ ሰሞን ከሚሴ መናኸሪያ አጠገብ አንድ ቪዲዮ ቤት ተከፍቶ ነበር። ፊልሙ እንግሊዝኛ ይናገራል፣ ከተመልካቹ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚሰማ የለም። ስለዚህ አንድ ሰው ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ እግር በእግር እየተከተለ ይተረጉማል። ያ ሰው ሙጂብ ነበር፣ ያኔ ገና ጢሙ ያልጠና ጎረምሳ። እንግሊዝኛውን ያውቀው እንደሆነ አላህ ይወቅለት። ብቻ በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ሲጨርስ፣ እንደ አውሬው አግስቶ ወዲያው እንደ ሴት ሲያለቃቅስ፣ ቤቱ ጸጥ ይል ነበር።

ሴት ልጅ ቪዲዮ ቤት አትገባም፣ ነውር ነው። እኔና ጓደኛዬ ረቢአ ውሃ ልንቀዳ ነው ብለን ጀሪካናችንን አንጠልጥለን ከቤት እንወጣና፣ ከቪዲዮ ቤቱ ኋላ ቆርቆሮው ላይ ጆሯችንን ለጥፈን እንቆማለን። ፀሐይ የመታው ቆርቆሮ ጆሮ ይለበልባል። ቢሆንም አንነቃነቅም። ሙጂብ አውሬውን እንደ ጨፋ ካለ ረግረግ ውስጥ ያወጣዋል፤ ጭቃው ከጎኑ እየተንጠፈጠፈ፣ የዋጣቸው በሬዎች ሆዱ ውስጥ እያገሱ። ከዚያ ወዲያ ቦርከና ወንዝ ብቻችንን መውረድ ፈራን።

መጨረሻው ላይ ጀግናው አውሬውን ይገድልና፣ ከተራራው ማዶ ሌላ ወርቅ አለ ሲሉት የሚወዳትን ልጅ ከባሕሩ ዳር ትቷት ይሄዳል። ልጅቷ ታዲያ በኦሮምኛም በአማርኛም እንዲህ ትለዋለች። «ሲን ኤጋ። ፀጉሬ እስኪሸብት እጠብቅሃለሁ።» ረቢአ በሻሿ ጫፍ እንባዋን ትጠርጋለች። እኔ ደግሞ መጥረጉንም እረሳዋለሁ። በዚያ ድምፅ ወደድኩት። ሰውየውን ያገባው ጆሮዬ ነው ብል አልዋሸሁም።

ተጋባን፤ በዓመቱ ጅዳ ሄደ። ጠበቅሁት። ረቢአ አግብታ ልጆቿን ስታሳድግ እኔ የልጆቿን ልብስ ሰፋሁ። የጨፋ ሮቢት እህል ነጋዴ ሽማግሌ ሲልክ፣ አባቴም ፍቺሽን ልጠይቅልሽና ይህን ሰው አግቢ ሲለኝ፣ እምቢ አልኩ። ሙጂብ ሲደውል «አብሽሪ፣ መምጫዬ ደርሷል» ይለኛል፤ እኔም ዳግመኛ እስኪደውል ድረስ በዚያች ቃል እከርማለሁ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነ ነገሩ። የከሚሴ ሰው ትዕግስቴን እያነሳ ያመሰግነኛል። ሲያመሰግኑኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው የራሴ ደስታ ያስጠላኛል። ያቺን የባሕር ዳር ልጅ የሆንኩ ይመስለኝ ነበርና።

በመጨረሻ ሳውዲዎች ጠርዘው መለሱት። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ገና ሳንጠጋገብ፣ ልጅም ካሁን አሁን ያዝኩ ስል፣ እንደገና እሄዳለሁ አለ። መንገዱ በጅቡቲ ነው፣ ከዚያ ባሕር አለ። እኛ ዘንድ ደግሞ ያለ ዱዓ ባሕር የሚሻገር ሰው የለም። ሼህ ሙሀመድኑር ዘንድ ሄዶ ሲጠይቅ፣ ሼሁ ሚስትህ ካልፈቀደች እኔ እጄን ለዱዓ አልዘረጋም፣ ሐሙስ ለዱዓ በምንሰበሰብበት ወዳጃ ላይ ይዘሃት ናና ከራሷ ልስማ አሉት። እንግዲህ የእኔን እሺታ ፈለገ። ሲለምነኝ ሰነበተ። እኔም እሺም እምቢም ሳልል ቆየሁ። እሺ ካልኩ የቀረኝ የመውለጃ ዕድሜ በመጠበቅ እንደሚያልቅ አውቃለሁ። እምቢ ካልኩ ደግሞ የምመሰገንበት ትዕግስት ይፈርስና የጠበቅሁት ሁሉ ከንቱ ሊሆን ነው።

ረቡዕ ከዙሁር ሶላት በኋላ አንድ ሲዲ ይዞ መጣ። መናኸሪያ አጠገብ ሲዲ የሚሸጠው ቶፊቅ ነው ያገኘለት። «የልጅነታችን ፊልም ነው፣ ላንቺ ብዬ ነው ያስፈለግሁት» አለኝ። ሆዱ ውስጥ ያለውን አላጣሁትም፤ በዚያች ልጅ ሊያባብለኝ ነው። ቢሆንም ለማየት ጓጓሁ። የስፌት መኪናዬን ዘግቼ ተቀመጥኩ።

ከአውሬው የባሰው ጀግናው ነበር። ደረቱን ዘይት ተቀብቶ ያብረቀርቃል፤ ሰይፉ ድንጋይ ሲነካ እንደ ካርቶን ይታጠፋል። ሴቶቹ ራቁታቸውን ናቸው ማለት ይቻላል፤ አስተግፊሩላህ ብዬ ፊቴን አዞርኩ። አውሬው ላይ የሚወረወረው ድንጋይ ነጥሮ ይመለሳል። ይህንን ቆሻሻ ነው ለካ እነዚያ ሁሉ ወንዶች ትንፋሻቸውን ውጠው ያዩት። እኔንም ከወንዝ ያስቀረኝ፣ በሌሊት ያስባነነኝ ይህ ዚፕ ያለው ቦቲ ነው። ሰው እንዳታለለኝ ሁሉ ተናደድኩ።

ይባስ ብሎ ሙጂብ ከፍራሹ ተነሳና ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመ። ጢሙ ሸብቷል፣ ቦርጩ ሽርጡን ገፍቶታል፤ መተርጎም ጀመረ። አግስቶ አለቃቀሰ። አፈርኩለት። ግን ዓይኔን ስጨፍን ድምፁ ያው የድሮው ነው፣ ሰውነቴን ወረረኝ። ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝና ዓይኔን ገለጥኩ።

የገለጥኩት መጨረሻው ላይ ነበር። ጀግናው ተራራውን እየወጣ ነው፣ ልጅቷ ባሕሩ ዳር ቆማለች። ፊቷ ብቻ ቴሌቪዥኑን ሞልቶታል። ሙጂብ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ድምፁን አቀጠነ። «ሲን ኤጋ። ፀጉሬ እስኪሸብት እጠብቅሃለሁ።»

የልጅቷ አፍ አልተከፈተም።

መልሰው አልኩት። በሪሞቱ መለሰው። ከንፈሯ ግጥም ብሎ ተዘግቷል፣ ሙዚቃ ብቻ ነው የሚሰማው። እሱ ግን ያንኑ ቃል ደገመልኝ። ከዚያ ልጅቷ ቀሚሷን ሰብስባ ጀልባ ላይ ወጣች፤ ቀዛፊዎቹን በእጇ አዘዘቻቸው፣ ጀልባው ሄደ። ዞር ብላ እንኳ ተራራውን አላየችም።

«የት ነው የምትሄደው?» አልኩት።

«ቤቷ ሄዳ ልትጠብቀው ነዋ።»

«ሙጂብ፣ ምንም አላለችም እኮ።»

ሪሞቱን አስቀመጠና ሳቀ። ወንዶቹ እንዲያ ሲሆን ደስ ይላቸው እንደነበር ነገረኝ። ጀግና ትታ የምትሄድ ሴት ቢያዩ ገንዘባችንን መልስ ይሉ ነበር አለ። ደግሞም ቃሉ ለወንዶቹ ብቻ እንዳልነበረ ጨመረልኝ። «ከቆርቆሮው ኋላ እንደምትቆሚ አውቅ ነበር። ላንቺ ብዬ ነው ያልኩት» አለኝ፤ ስጦታ እንደሚሰጥ ሰው ፊቱ በራ።

ከጎማው አውሬ ይልቅ ያን ጊዜ ባሌ ቀፈፈኝ። የልጅነት ጆሮዬ ላይ ቃሉን ያኖረው እሱ ነው፤ ያደግሁት፣ ሽማግሌ የመለስኩት፣ አልጋዬ ላይ ብቻዬን የከረምኩት ያንን ቃል የራሴ አድርጌ ነው። እሱ ግን አሁንም ፍቅር ያደረገልኝ ይመስለዋል። ምሳ የበላንበትን ሳህን ይዤ ወደ ጓዳ ገባሁ፣ እያጠብኩ አለቀስኩ።

ከኋላዬ መጣና «ማሊ? ምን ሆንሽ?» አለኝ። ዝምታዬን እንደለመደው ተረጎመውና ነገ ከአስር ሶላት በኋላ ሼሁ ዘንድ እንሄዳለን ብሎ፣ ደስ ብሎት ወጣ።

ሐሙስ ወዳጃው ላይ ሰው ሞልቷል። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ እኛ ሴቶቹ በሌላው ተቀምጠናል። የሙጂብ ተራ ሲደርስ ሼህ ሙሀመድኑር ወደ እኔ ዞሩ። «ዓፊያ፣ ልጄ፣ ባልሽ ባሕር ሊሻገር ነው። ፈቅደሽ ትጠብቂዋለሽ?»

አፌን ከመክፈቴ በፊት ሙጂብ በዚያ በሚያምር ድምፁ «ትጠብቃለች፣ ሼሁ» አለ። ሴቶቹ አሚን አሉ፣ ሼሁም እጃቸውን ዘረጉ።

«አልጠብቅም» አልኩ። ድምፄ ወንዶቹ ወገን ድረስ ተሰማ። «ካልሄደ ሚስቱ ነኝ። ከሄደ ፈትቶኝ ይሂድ።»

ሙጂብ ቀልዷን ነው፣ እንዲህ ማለቷ ነው ብሎ ሊያስረዳቸው ጀመረ። ሼሁ የዘረጉትን እጅ ሰብስበው ጉልበታቸው ላይ አኖሩና «እሷ ተናግራለች፣ አንተ ስማ» አሉት።