በሁለቱ ሳጥኖች መሃል

ጡረታ የወጣውን የአውቶቡስ ሾፌር ሰፈርተኛው «ጡሩምባው» ይለዋል። ግራ ጆሮውን ለሞተር ጩኸት ገብሮ ከተመለሰ ወዲህ ሰላምታ እንኳ ሲሰጥ ጎረቤት ያስደነግጣል። አንድ ምኞት ነበረው፤ ዕድሜ ልኩን በሚንኮሻኮሽ የመኪና ሬዲዮ የሰማውን ዘፈን በወጉ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ ማድመጥ። ያውም በሁለት ስፒከር።

«ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» አላት ሚስቱን።

ልብስ ሰፊ ናት። ክሩን በጥርሷ በጠስ አደረገችና፣ «በአንድ ጆሮ ለሁለት ስፒከር?» አለችው።

«አንዱ ላንቺ ነዋ!»

አቅሙ ስለማይፈቅድ እየለቃቀመ ገጣጠመው። አምፕሊፋየሩን ከሬዲዮ ጠጋኝ ወዳጁ አገኘ፤ ክዳኑ የሌላ፣ ቁልፎቹ የሌላ። ስፒከሮቹ ከተዘጋ የሰርግ አዳራሽ የወጡ ናቸው፤ አንደኛው ጫፍ ላይ የሻማ ቅላጭ ደርቆበታል። የሸክላ ማጫወቻው መርፌው ብቻ አዲስ ነው። ለስፒከሮቹ ማቆሚያ ስላልነበረ ጡብ ደራርቦ የሚስቱን ቁራጭ ጨርቅ አለበሰው።

ያስቸገረው ቦታ ነው። ክፍሉ ውስጥ ባዶ ግድግዳ አንድ ብቻ ነበር፤ እናቱ ታመው የከረሙበት፣ አልጋቸው ከወጣ ወዲህ ማንም ዕቃ ያላስጠጋበት። ያስታመመቻቸው ሚስቱ ናት። አጥባ፣ አጉርሳ፣ በመጨረሻም ዓይናቸውን የከደነችው እሷ ናት። እሱ ያን ቀን መንገድ ላይ ነበር።

አንዱን ስፒከር አልጋው በነበረበት ራስጌ፣ ሌላውን በግርጌው በኩል አቆመ። መጀመሪያ ሲከፍተው ዘፋኟ መቆሚያ ያጣች ይመስል ድምፁ ክፍሉ ውስጥ ተበታተነ። ጠጋኙ መጥቶ አየና ሳቀ።

«አንዱን ሽቦ ገልብጠህ አስረኸዋል፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል።» ቀዩንና ጥቁሩን አስተካክሎ ሄደ።

«ነይ እስቲ፣ መሃል ተቀመጪና ጆሮ ሁኚኝ» አላት ባሏ።

ተቀመጠች። ሸክላው ዞረ፤ አንዲት ሴት ዝግ ብላ ማንጎራጎር ጀመረች። ድምፁ ከግራም ከቀኝም አልመጣም። ከባዶው ግድግዳ መጣ፤ አልጋ ላይ ትራስ ተደግፎ በተቀመጠ ሰው ቁመት ልክ። ትንፋሽ ስትስብ ሁሉ ይሰማል። ልብስ ሰፊዋ ክው አለች።

«እንዴት ነው?» ብሎ ጮኸ።

«ደህና ነው» አለች።

ከዚያ ወዲያ ሸክላ በተነሳ ቁጥር ወንበሯን ወደ መስኮቱ ትጎትታለች። ከመሃል ስትርቅ ሴትዮዋም ግድግዳውን ትታ ቅርብ ወዳለው የስፒከር ሳጥን ትገባለች። ቤት ስትጠርግ ግን ያቺን ቦታ ዞራ ነው የምታልፈው። አንድ ቀን መጥረጊያው ወደዚያ ሲሻገርባት «ይቅርታ፣ እማማ» አለች። ባሏ አየ።

«ምን ሆነሻል? ጉድጓድ ያለ ይመስል ትዞሪያለሽ።»

ሆድ ይፍጀው ልትል ነበር፤ አቃታት። «ድምፁ ከዚያ ነው የሚመጣው» አለች እየጠቆመች። «ከእማማ ቦታ።»

ይስቅብኛል ብላ ነበር። አልሳቀም።

«ለኔ ሁሉም ከቀኙ ሳጥን ነው» አለ፤ እንዲህ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲናገር ሰምታው አታውቅም። «መሃል የሚባለው አይሰማኝም። እናቴ ስትሞት አልነበርኩ፤ አሁን ደግሞ መጥታ…»

ሸክላውን አስነሳና ሄዶ አልጋው የነበረበት ወለል ላይ ቁጭ አለ፤ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

«በይ፣ ቦታሽ ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። ሴትዮዋ መጣች። አሁን ግን ድምፁ ከባሏ ደረት፣ ከተዘጋው አፉ ነበር የሚወጣው፤ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ለስለስ ብሎ። ብድግ ብላ ወደ ጎን ስትል ድምፁም ሾልኮ ወደ ሳጥኑ ሄደ።

ባሏ ዓይኑን አልገለጠም። እንባው ጢሙ ውስጥ ገብቷል።

«ተመለሺ» አለ በሹክሹክታ። «አታባሪያት።»

ድምፁ መሄዱን እንዴት እንዳወቀ አልጠየቀችውም። ተመልሳ ተቀመጠች፤ ሸክላው እስኪያልቅም ከዚያ ወንበር አልተነሳችም።